የታየ ህልም ላውስሽ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ለእትዬዋ፣ ለእናቴ የበኩር ልጅ፤

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ነሽልኝ ሆዴ? የሐርቡ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? ያ ትንሹ አሁንም ጫማውን ለፍየል ያበላል? ባልሽ ደህና ነው? ማንጎው ያዘላችሁ? የአማትሽ ጉልበትስ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ጉም ለብሰን ጉም ተንተርሰን አለን። ደሴ እንደምታውቂያት ናት። ጠዋት የጦሳን ተራራ ትደብቀዋለች፣ ከሰዓት መልሳ ታወጣዋለች፤ ልክ እንደ አክስታችን የስኳር ጣሳ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክማ አለ። ግን አንቺ ዘንድ ስልኩን የሚያነሱት አማትሽ ናቸው፤ አንስተውም ድምፁን ለግቢው ሁሉ ይለቁታል። ባለፈው ስደውል ወላሂ ከፍየሎቹ ጋር ሳይቀር ሰላም ተባብያለሁ። ደብዳቤ ይሻላል፤ እሳቸው ቁርኣን እንጂ አማርኛ አያነቡም። ምናልባት የሚያነብላቸው ሰው ከተገኘ ደግሞ፦ እማማ፣ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ይዞልሽ የሚመጣው የአጎታችን ልጅ ሂሻም ነው፣ በሚኒባሱ። መንገድ ላይ ከፍቶ እንዳያነብ አፉን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ። የፖስታውን ማለቴ ነው፤ የሂሻምን አፍ የሚችል ክር ገና አልተፈተለም።

ጽሑፌን አትሳቂበት። በጦርነቱ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጥቼ፣ ሲከፈት መመለሱን የረሳሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ አባባ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ። መጀመሪያ ሥራዬ ስፖንጁ ላይ እየዘለልኩ ለገበያተኛ ጥንካሬውን ማሳየት ነበር። በኋላ ግን ሰዎች «ያቺ ቀልደኛዋ ልጅ ትምጣና የእንግዳ ክፍሉን መጅሊስ ታስተካክልልን» ማለት ጀመሩ። እሄዳለሁ። ገብቼ መሐሉ ላይ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ስቆም ክፍሉ የሚተነፍስ ይመስለኛል። የቱ ጋ እንደጠበበው፣ ብርሃኑ በየት ገብቶ የት ላይ መተኛት እንደሚፈልግ ይነግረኛል። ፍራሹን እዚያ አደርገዋለሁ። እንግዶቹ ይቀመጡና ሳያውቁት ድምፃቸው ዝግ ይላል።

አንድ ቀን ዊዳድ የምትባል ልጅ መጋረጃ ልትገዛ ሱቅ መጣች። ባሕር ዳር ኢንቴሪየር ዲዛይን ትማራለች፤ ለእረፍት ነው የመጣችው። ክፍሉ ምን ይመስላል ብላት የካርቶን ቁራጭ አንስታ ሳለችልኝ። ቤቱን ሳላየው መስኮቱን አየሁት! በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ጠዋት ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ሁሉንም። እኔ በቆዳዬ የማውቀውን ነገር እሷ በእርሳስ ታውቀዋለች። ያን ቀን እንቅልፍ እንዳጣሁ አትንገሪብኝ።

እና ልማር ነው አልኩ፣ በቁርስ ሰዓት። አባባ ሻዩን እንደያዘ፣ «ትራስ ማስተካከል ደግሞ ትምህርት ቤት አለው እንዴ?» አለ። አክስታችን ኡሙሰልማ ቀበል አድርጋ፣ «አለው፣ ግን መጀመሪያ የገዛ አልጋዋን ያነጠፈች ነው የሚቀበሉት» አለች። እማዬ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። እሷ ሁሉም በልቶ ሳይጠግብ እንደማትናገር ታውቂያለሽ።

አባባን ሳላሰልስ ነዘነዝኩት። የሱቁን ፍራሽ ሁሉ በየቀኑ በአዲስ አደራደር አቆየዋለሁ፣ አባባ የገዛ መቀመጫውን ፈልጎ ያጣዋል። በመጨረሻ፣ «እሺ ተማሪ፣ ግን ከክልላችን ንቅንቅ የለም፤ የአዲስ አበባ ስም እቤቴ እንዳይነሳ» አለ። በክልሉ ውስጥ ደግሞ የምናውቃቸው ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው እዚሁ ቧንቧ ውሃ፣ ከፀጉር ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ የእንጨትና የቤት ዕቃ ሥራ ያለበት። ሦስተኛው የዊዳድ ነው፣ ባሕር ዳር። እኔ ሦስተኛውን አልኩ። አባባ «እሱ አይታሰብም» አለ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው፣ ዘመድ የለንም፣ ኮምቦልቻ ግን የሂሻም አባት ቤት አለ። «ኮምቦልቻ» አለና ሻዩን ጨለጠ። አባባ ሻዩን ከጨለጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ያላለቀው በእኛ ቤት ህልም ካልታየ ነገር ስለማይቆረጥ ነው። ቅድመ አያታችን ከየመን ጨርቅ ጭኖ ሲመጣ ጦሳን በህልሙ አይቶ ነው ደሴ የቀረው ይባላል። እኔ በቅሎው ስለደከመች ነው እላለሁ፣ ግን ማን ይሰማኛል። ያንቺም ነገር እንደዚያው አይደል? አባባ «ልጄን ከከተማ አውጥቼ ለገበሬ አልሰጥም» ብሎ በሩን ሲዘጋ፣ እማዬ አረንጓዴ ማሳና የተከፈተ በር አየች፣ ተሰጠሽ። እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ የምታወሪው ነው። ስለዚህ አክስታችን «ኢስቲኻራ ይሰገድ» ስትል ማንም አልተቃወመም። ኡስታዛ ሱዓድ በሴቶች ደርስ ላይ፣ ኢስቲኻራ ነገርን ለአላህ ሰጥቶ መነሳት ነው፣ ህልም ግዴታው አይደለም ብላ አስተምራናለች። አክስታችን ግን፣ «ኡስታዛ የኛን ቤት አታውቀውም» አለች።

ሰገድኩ። ሁሉም በየፊናው ዱዓ አድርጎ ተኛ። ጠዋት ተሰበሰብን። አክስታችን ግመል መጋረጃ ሲበላ አይታለች። አባባ ወዲያው፣ «ግመል ቆላ ነው፣ ቆላ ኮምቦልቻ ነው» አለ። «መጋረጃው ግን የኛ ነበር» አለች እሷ። አባባ ራሱ መስጊድ ጫማው ሲጠፋበት አየ። እማዬ ሻይ እየቀዳች፣ «እሱ ህልም አይደለም፣ ትናንት የሆነ ነው» አለችው።

ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ነው የተኛሁት፣ ምንም አላየሁም። ግን አባባ ሊጨልጥ ብርጭቆውን አንስቷል። ምን ላድርግ? «ውሃ አየሁ» አልኩ። አፌ ከዚያ በኋላ አልቆመም። ሰፊ ውሃ፣ አረንጓዴ በር፣ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ «ግቢ» ሲለኝ… አጃኢብ ነው፣ እኔ ራሴ አመንኩት። አክስታችን እንባዋ መጣ። እጇን ወደ ሰማይ አንስታ፣ «ውሃ! ሱብሐነላህ! ቧንቧ ውሃ! ልጄ እዚሁ ሰፈሯ ልትማር ነው!» አለች።

እትዬ፣ እኔ ያሰብኩት ጣናን ነበር። ግን ህልም እንደ ፈቺው ነው። አባባ ትንሽ ቅር አለው፣ ከኮምቦልቻ የባሰ ቅርብ ሲሆን ጊዜ ደግሞ ደስ አለው። «በምሳ ሰዓት ሱቅ ትደርሻለሽ» ብሎ ጨለጠው። ውሸቴ ዞሮ እኔኑ ከፀጉር ቤቱ ፎቅ ላይ ሰቀለኝ።

በዚያው ሳምንት ደርስ ላይ ኡስታዛ ሱዓድ ስለ ምላስ አስተማረች። ያላየውን ህልም አየሁ ያለ ሰው በቂያማ ቀን ሁለት የገብስ ፍሬ ቋጥር ይባላል፣ እሱም አይችልም አለች። አክስታችን፣ እኔ፣ እማዬ ተደርድረን ተቀምጠናል። ጆሮዬ ጋለ። እቤት እንደገባሁ ከእማዬ ማሰሮ ሁለት ፍሬ ገብስ ሰርቄ ለመቋጠር ሞከርኩ። በክር ሞከርኩ፣ በምራቅ ሞከርኩ፣ ሂሻም ሽቦ ላምጣልሽ ብሎ ሳቀብኝ። እማዬ መጥታ ቆማ አየችኝ። ምን እየሠራሽ ነው አለች፣ ጌጥ አልኳት። ፍሬዎቹን ከመዳፌ ለቀመችና ወደ ማሰሮው መለሰቻቸው። ዓይኔን አየት አድርጋኝ ሄደች።

ፎቅ ላይ ያለውን ትምህርት ቤት አየሁት። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ አልዋሽም። ግን የሚያስተምሩት ፊኛ መንፋትና የፕላስቲክ አበባ ቅስት ማሰር ነው፣ ለሠርግና ለምርቃት። ብርሃን በየት ይግባ ብዬ ብጠይቃቸው መብራት ዘርግተው አሳዩኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ እስከ ጉልበቴ መጥቶ ነበር። እኔ እንኳ የምቀልድበት ነገር አጣሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

አባባ ሊያስመዘግበኝ ባለበት ጠዋት ቁርስ ላይ ነን። ሁሉም በላ። ጠገበ። እማዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና፣ «ህልም አየሁ» አለች።

 ባዶ ቤት ነው አለች፣ ነጭ ግድግዳ። እኔ እርሳስ በጆሮዬ ሰክቼ መሐሉ ላይ ቆሜያለሁ፣ «እማዬ፣ መስኮቱን በየት በኩል ላውጣልሽ?» እላታለሁ። «ጣና በሚታይበት በኩል አልኳት» አለች።

እማዬ ጣናን አይታ አታውቅም። አክስታችን፣ «ጣና መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለቻት።

«ተጽፎበት ነበር» አለች እማዬ።

አባባ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አዞረው። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ መስኮቱን አየ። እሷ አቀርቅራ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ትለቅማለች። እሱም፣ «ኸይር ነው ኢንሻአላህ» አለ። አክስታችን «ጣና እኮ በህልም ሲታይ…» ብላ ስትጀምር፣ «ኡሙሰልማ፣ ይሄኛው ተፈቶ ነው የመጣው» አላት። ሻዩን ሳይጨልጠው ተነሳ።

በነጋታው ግን «ኋላ አላሳየኝም እንዳትዪ» ብሎ ኮምቦልቻ ይዞኝ ወረደ፣ በሂሻም ሚኒባስ። ሂሻም እስካሁን አልማረኝም። ባለፈው የሙሽራ ዳንቴል በመስኮቶቹ ላይ ሰቅዬበት፣ ኮምቦልቻ እስኪገባ መንገደኛው ሁሉ እልል ሲልለት ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አፍንጫችን እስኪነካ ጉም ነው። ከዚያ ድንገት፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ጉሙ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ተሰበሰበና ቆላው ሁሉ ወርቅ ሆኖ ከታች ታየ። አባባ ክንዴን ያዝ አደረገው። ሕፃን ሳለሁም እዚህች መታጠፊያ ላይ እንዲሁ ይይዘኝ ነበር አሉ፣ እንዳልወድቅ።

ኮምቦልቻ ያለው ትምህርት ቤት ደስ ይላል እትዬ፣ እውነቱን ልናገር። ገና በሩ ላይ የእንጨት ሽታ ይቀበልሻል። ሰማኸኝ የሚባል አስተማሪ አለ፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ተማሪዎቹ የሠሯቸውን ወንበሮች አሳየን። አባባ በእያንዳንዱ ላይ እየተቀመጠ፣ መደገፊያውን እየዳበሰ፣ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላል። መጨረሻው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እዚህ ብትሆኚ ሐሙስ ሐሙስ እመጣልሽ ነበር» አለኝ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው። አባባ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር።  «እሺ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ ወላሂ።

ግን እማዬ ትዝ አለችኝ፣ ፍርፋሪ ስትለቅም። «አባባ፣ እዚህ ጥሩ ወንበር መሥራት ያስተምራሉ። እኔ የፈለግኩት ወንበሩ የት ይቀመጥ የሚለውን ነው» አልኩት።  ከዚያ ከወንበሩ ተነሳና እሱን ራሱን ወደ መስኮቱ ገፋ አደረገው። «እዚህ?» አለኝ። «ትንሽ ወደ ግራ» አልኩት። ሳቀ።

መናኸሪያ ሂሻምን ስንጠብቅ ረዳቶቹ «ሐርቡ! ሐርቡ! የሞላ!» እያሉ ይጮሃሉ። አባባ ዓይኑን ከሐርቡ መኪና ላይ ሳያነሳ፣ «እናትሽ ህልም የምታየው እኔ እምቢ ስል ብቻ ነው» አለ። ምን ማለትህ ነው ብዬ አየሁት። «እስካሁን ሁለቴ አይታለች» አለ። መኪናው ሞልቶ እስኪወጣ አየው። ከዚያ፣ «የመጀመሪያው አልሳተም። ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፣ አልሳተም» አለና ኮፍያውን አጠለቀ።

እኔ ሌላ አልጠየቅኩትም። አንቺም እንዳትጠይቂኝ። ሐረጎን ስንወጣ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ኡስታዛ ስለ ገብሱ ስታስተምር እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶት እንደነበር ነው የማስበው።

ይኸው፣ ባሕር ዳር ሆነ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከዊዳድ ጋር በወልዲያ ዞረን እንሄዳለን ኢንሻአላህ። አባባ የእኔን ፍራሽ ራሱ መርጦ ጠቀለለው፤ ለአንድ ሰው የሚበዛ ነው፣ እንደ ንግሥት ልተኛ ነው። አክስታችን «ውሃ ያልኩት ይሄንን ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እማዬ ብቻ… እማዬ ልብሴን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ሱቅ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ «በየት መጣችሁ? መንገዱ እንዴት ነው?» ትላለች። «ደህና ነው» ሲሏት ደግማ ትጠይቃለች። ፈርተሻል ወይ ብላት፣ «እኔ? ለምን እፈራለሁ፣ በህልሜ አይቼው» አለችኝ። እኔ ስወጣ ያ ቤት ምን ያህል እንደሚሰፋ ታስቢዋለሽ? እኔ አስቤዋለሁ። የክፍል ስፋት አላጣውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከኮምቦልቻ የተመለስን ዕለት ህልም አየሁ። ይሄኛው የታየ ነው፣ ሳልለምነው የመጣ። ቤታችን ግድግዳ የለውም፣ በግድግዳው ፈንታ ጉም ነው፤ ነጭ፣ ዝግ ያለ፣ የሚተነፍስ። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ አይታወቅም፣ ግን ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። አንቺ መጅሊሱ ላይ ተቀምጠሻል፣ እማዬ ራሷን ጭንሽ ላይ አድርጋለች፣ ሂና ትቀቢያታለሽ። ልጆችሽ በጉሙ እየገቡ በጉሙ ይወጣሉ። እማዬ ትስቃለች፤ ያን ድሮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና የምትስቀውን ሳቅ። እኔ ዞሬ ዞሬ ራሴን ፈለግኩ። አልነበርኩበትም። ግን ምንም አልጎደለም እትዬ፣ ክፍሉ ሙሉ ነበር። ስነቃ ትራሴ ረጥቦ ነበር፤ ጉሙ ገብቶ ነው መሰለኝ።

ለማንም አልነገርኩትም፣ ያልተነካ ነው፣ ላንቺ አውሼሻለሁ። አማትሽ «በማንጎ ወቅት ምን ያስኬድሻል» ቢሉሽ፣ «ህልም ታየልኝ፣ እናቴ ዘንድ ነበርኩ» በያቸው። ውሸት የለበትም፣ ታይቷል። እሳቸውም የኛን ቤት ያውቃሉና ህልምን አይከለክሉም። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። የትንሹን ጫማ ደርበሽ ያዢ፣ እዚህም ፍየል አለ። እኔ ሳልወጣ ብትደርሺ ደስታዬ ነው፤ ካልደረስሽም በሩ ላይ ቆመሽ አትፈልጊኝ፣ ግቢና ተቀመጪ። መቀመጫሽን መስኮቱ ጋ አድርጌዋለሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ከሰው አያጉድልብሽ። ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ማንጎውን በሂሻም አትላኪ፣ መንገድ ላይ ይበላዋል። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ዱዓሽ አይለየኝ።

አልጋዋን ዛሬም ያላነጠፈችው፣

ታናሽሽ